ከሰፌድ እስከ አዙሪት

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ወደ ወልድያ የሚዘልቀው ጎዳና የጋይንትን ደጋ ሲያቋርጥ ነፋስ መውጫ ከምትባል ከተማ ይደርሳል። የቦታው ስም ትርጓሜ አያሻውም፤ ራሱ ይናገራል። እኔ ግን ይህን ስም በሰማሁ ቁጥር ከተማይቱን ብቻ አይደለም የማስበው። በቤታችን ለዓመታት የኖሩት አሮጌ የአቧራ መምጠጫዎችም ትዝ ይሉኛል። በእያንዳንዳቸው ላይ ሁለት ቀዳዳ ነበረ፤ አንደኛው ነፋስ መግቢያ፣ ሁለተኛው ነፋስ መውጫ። ጥበቡ ሁሉ በሁለቱ መካከል ነው። ነፋሱ አቧራ ተሸክሞ ይገባል፤ ሲወጣ ግን ሸክሙን ትቶ መውጣት አለበት። ሸክሙን እንዴት ይተዋል? ቫኪዩም ክሊነር የሚባለው ዕቃ ታሪክ የዚህ የአንድ ጥያቄ ታሪክ ነው።

ጥያቄው የፈረንጅ ይመስላል እንጂ የደጋው ቤት እመቤት ከጥንት ጀምራ ስትመልሰው ኖራለች፤ ያውም በሦስት መንገድ።

አንደኛው መንገድ ውኃ ነው። የአፈር ወለል እንዲሁ በደረቁ አይጠረግም፤ አስቀድሞ ውኃ ይረጭበታል። አቧራው ርጥበት ሲነካው ክንፉ ይሰበራል። ከዚያ በኋላ መጥረጊያው ሲያልፍበት ወደ ሰው አፍንጫ ሳይበር በአንድ ወገን ይከማቻል። ሁለተኛው መንገድ ወንፊት ነው። ወንፊት ደቃቁን አሳልፎ ሻካራውን ያስቀራል፤ ነገር ግን ዐይኑ በደፈነ ቁጥር መታ መታ መደረግ አለበት፤ ያለዚያ ሥራውን ያቆማል። ሦስተኛው መንገድ ሰፌድ ነው። ከስንደዶና ከአክርማ በተሰፋው ሰፌድ ላይ እህል ሲንገዋለል ያየ ሰው ያውቃል፤ ሴትየዋ በሁለት እጇ ይዛ ስታሽከረክረው ጠጠሩና እህሉ፣ ገለባውና ፍሬው እንደ ክብደታቸው ወደየቦታቸው ይሄዳሉ። በመካከል የሚያጣራ ጨርቅ የለም፤ የሚደፈን ቀዳዳም የለም። የሚለየው ሽክርክሪቱ ራሱ ነው።

ውኃ፣ ወንፊት፣ ሰፌድ። ውድ አንባቢ፣ እነዚህን ሦስቱን በልቡናህ ያዝልኝ። የሠለጠነው ዓለም መሐንዲሶች መቶ ሠላሳ ዓመት ያህል ሲደክሙ የተመላለሱት በእነዚህ በሦስቱ መካከል ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

በ1860 ዳንኤል ሄስ የተባለ የአሜሪካ የአዮዋ ግዛት ሰው ለአንድ የምንጣፍ መጥረጊያ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘ። ዕቃው የሚሽከረከር ብሩሽ ነበረው፤ ከብሩሹም በላይ ወናፍ ተገጥሞለት ነበር። የእኛ አንጥረኛ ወናፍ ነፋስን ወደ ፍም ይገፋል፤ የሄስ ወናፍ ግን ነፋስን ከምንጣፍ ወደ ውስጥ ይስባል። ወናፉን ገልብጦ አሰበው ማለት ነው። በዚያው ዐሥር ዓመት ውስጥ ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራተኞች ምድጃቸውን ያነድዱ ነበር፤ ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍም በ1867 እዚያ ተሠራ። በአንዱ አገር ሰው ስለ መድፍ ሲጨነቅ በሌላው አገር ሰው ስለ ምንጣፍ አቧራ ይጨነቅ ነበር።

ከሄስ ሥራ ይበልጥ ልብ የሚባለው ግን ሌላ ነገር ነው። የሳበው አቧራ የሚቀረው በውኃ ዕቃ ውስጥ ነበር። ስለዚህ ከረጢት የሌለው ማሽን የዘመናችን ግኝት አይደለም፤ የመጀመሪያው ራሱ ከረጢት አልነበረውም። እናቶቻችን ወለሉን ሲያረጥቡ የሚያውቁትን ነገር ሄስ በዕቃው ውስጥ አኖረው። ከሰባ ዓመታት በኋላ፣ በ1930ዎቹ፣ ሬክስኤር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በውኃ የሚያጣራ የኤሌክትሪክ ማሽን ለገበያ አቀረበ። የእርሱ ልጅ የሆነው ሬንቦ እስከ ዛሬ ድረስ ይሸጣል።

ከሄስ ቀጥሎ በ1869 አይቭስ መጋፊ የተባለ የቺካጎ ሰው በእጅ የሚዘወር ማሽን አወጣና ስሙን «ዊርልዊንድ» አለው፤ አውሎ ነፋስ እንደ ማለት ነው። ስሙ ከሥራው ቀድሞ ሄደ። በውስጡ አዙሪት የሚባል ነገር አልነበረም፤ አንዲት ሴት በአንድ እጇ እየዘወረች በሌላ እጇ እየገፋች ትሠራበት ዘንድ የተዘጋጀ አድካሚ ዕቃ ነበር።

ታሪኩ ወደ ቤተ መንግሥት የገባው በ1901 ነው። ሂዩበርት ሴሲል ቡዝ የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ በለንደን አንድ ማሽን አቧራን በነፋስ ሲያባርር አየ። አቧራው ግን ተባርሮ የትም አልሄደም፤ ተነሥቶ ተመልሶ ተኛ። ቡዝ ነፋሱ ይስብ ዘንድ አሰበ። ሐሳቡንም የፈተነው በገዛ አፉ ነው፤ መሐረቡን በወንበር ልባስ ላይ አድርጎ በኃይል ቢስብ መሐረቡ ጠቆረ። ከዚያ የሠራው ማሽን ግን ቤት የሚገባ አልነበረም። ፈረስ ይጎትተዋል፤ ሞተሩ መንገድ ላይ ቆሞ ሲጮኽ ረዣዥም ቱቦዎች በመስኮት ይገባሉ። በ1902 የንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ ዘውድ በሚጫንበት በዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን የተነጠፈውን ምንጣፍ ያጸዳው ይህ ማሽን ነው።

ለዚያ በዓል ከየአገሩ ከተጠሩት መካከል የእኛም ሰው ነበረበት። ልዑል ራስ መኮንን ዐፄ ምኒልክን ወክለው በዚያው ዓመት ለንደን ሄደዋል። ንጉሡ በመታመማቸው በዓሉ ከሰኔ ወደ ነሐሴ ተላለፈ። የታሪክ ጸሓፊዎች ስለዚያ ጉዞ ሲጽፉ ስለ ዲፕሎማሲው ይጽፋሉ፤ ተገቢም ነው። እኔ ግን የዓለም ታላላቅ ሰዎች በሚሰበሰቡበት ምንጣፍ ላይ አንድ ማሽን ቀድሞ እንዳለፈ አስባለሁ። ከክብረ በዓል በፊት ሁልጊዜ አንድ ጠራጊ አለ፤ ስሙ በታሪክ አይጻፍም።

ይህ የመጨረሻው ነገር በ1907 በአሜሪካ በካንተን ኦሃዮ ጎልቶ ታየ። ጄምስ መሪ ስፓንግለር በአንድ መደብር የጽዳት ሠራተኛ ነበር። አስም ነበረበት፤ የሚጠርገው አቧራ ደግሞ ትንፋሹን ይዘጋዋል። ሥራውን ቢተው እንጀራው፣ ባይተው ሳንባው ሊሄድ ሆነ። ስለዚህ የማራገቢያ ሞተር፣ የሳሙና ሣጥን፣ የመጥረጊያ እጀታና የትራስ ልብስ ሰብስቦ ተሸክመውት የሚሄዱትን የኤሌክትሪክ መጥረጊያ ሠራ። የትራስ ልብሱ ከረጢቱ ነው። በ1908 መብቱን አስመዘገበ፤ ገንዘብ ስላልነበረው ግን ዊልያም ሁቨር ለተባለ የቆዳ ዕቃ ነጋዴ ሸጠው። ዛሬ እንግሊዞች ቤት ሲጠርጉ ድርጊቱን የሚጠሩት በነጋዴው ስም ነው፤ «ሁቨር ማድረግ» ይላሉ። ያሳለውና የታፈነው፣ ፈጥሮም የሠራው ጠራጊ ግን ስሙን የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው።

ከስፓንግለር የትራስ ልብስ በኋላ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ከረጢት ነገሠ። ከረጢት ወንፊት ነው። ነፋሱን አሳልፎ አቧራውን ያስቀራል፤ እንደ ወንፊትም ዐይኑ ይደፈናል። ደቃቁ አቧራ በጨርቁ ወይም በወረቀቱ ቀዳዳ ሲሰገሰግ ማሽኑ ይጮኻል እንጂ አይስብም። ከረጢቱ ገና ሳይሞላ ጉልበቱ ያልቃል። ወንፊትን መታ መታ ማድረግ ይቻላል፤ የወረቀት ከረጢትን ግን ጥሎ ሌላ መግዛት ነው። ከዚህም ንግድ ተፈጠረ፤ ማሽኑ አንድ ጊዜ፣ ከረጢቱ ሁልጊዜ ይሸጣል።

ሰፌዱስ የት ነበረ? ሰፌዱ በፋብሪካ ውስጥ ነበረ። ከ1880ዎቹ ጀምሮ በአሜሪካ የዱቄት ወፍጮዎችና የእንጨት መሰንጠቂያዎች አየራቸውን የሚያጠሩት ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ በሆነ እንደ ማንቆርቆሪያ አፍ ባለ የቆርቆሮ ዕቃ ነበር። አቧራ የተሸከመው ነፋስ በጎን ገብቶ በውስጡ ይሽከረከራል። ከባዱ ብናኝ በሽክርክሪቱ ኃይል ወደ ግድግዳው ይወረወራል፤ ግድግዳውን ተከትሎም ወደ ታች ይወርዳል። የነጻው ነፋስ በመካከል ወደ ላይ ይወጣል። ፈረንጆች ይህን «ሳይክሎን» ይሉታል። በአማርኛ አዙሪት ብንለው አንሳሳትም፤ ከነፋስ የተሠራ ሰፌድ ብንለውም ያስኬዳል።

እንግሊዛዊው ጄምስ ዳይሰን በ1970ዎቹ መጨረሻ የቤቱ ማሽን ከረጢቱ እየተደፈነ ሲያስቸግረው በእንጨት መሰንጠቂያ ያየውን አዙሪት አሳንሶ በቤት ዕቃ ውስጥ ሊያስገባ ተነሣ። አምስት ዓመት ያህል ፈጀበት፤ 5,127 ሞዴል ሠራ። የታወቁት ኩባንያዎች ግን አልተቀበሉትም። ከረጢት የሚሸጥ ሰው ከረጢት የማያሻውን ማሽን ለምን ይገዛል? መጀመሪያ የተቀበሉት ጃፓኖች ናቸው። በ1986 «ጂ ፎርስ» የተባለውን ለገበያ አወጡት። በገዛ አገሩ በስሙ የተሠራው «ዲሲ 01» የወጣው በ1993 ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ አዙሪቱ አይደለም፤ የአቧራው ዕቃ ነው። ዳይሰን ዕቃውን እንደ ብርጭቆ አሳላፊ አደረገው። የንግድ አዋቂዎች «ሰው የገዛ ቤቱን ቆሻሻ ማየት አይወድም፤ ሸፍነው» ብለውት ነበር። አልሸፈነውም። ሰውም ወደደው።

ለምን ወደደው? ለዚህ መልስ የማገኘው ከራሳችን ቤት ነው።

እኛ ቤት መጀመሪያ የገባው ባለ ከረጢቱ ነበር። አሜሪካ የምትኖር አክስታችን የላከችው ነው። እርሷ ራሷ እዚያ ሌሊት ሌሊት ቢሮ በማጽዳት ትተዳደር ስለነበር የዕቃውን ዋጋ ታውቅ ነበር። የአሜሪካ መብራት 110 ቮልት፣ የእኛ ደግሞ 220 በመሆኑ ከማሽኑ ጋር አንድ ድንጋይ የሚያህል ትራንስፎርመር አብሮ ይንከራተት ነበር። ሦስቱ የወረቀት ከረጢቶች ሲያልቁ አራተኛ የሚሸጥ ጠፋ። እናቴ ከአቡጀዴ ሰፋች። ስፓንግለር በትራስ ልብስ የጀመረውን ነገር እናቴ ሳታውቀው ደገመችው።

ቀጥሎ የመጡት ሁለቱ ከረጢት አልነበራቸውም፤ ሁለቱም ከሌላ ሰው እጅ የተገዙ አሮጌዎች ነበሩ። አንደኛው ግራጫና ቢጫ፣ ሁለተኛው ቀይ። ድምፃቸው የወፍጮ ቤት ድምፅ ነበር። ቡና ከተፈላ በኋላ ሲሠራባቸው የሚያወጡት ነፋስ ዕጣን ዕጣን ይላል። ጠላታቸው ቄጠማ ነበር። ለበዓል የተጎዘጎዘ ቄጠማ ሲደርቅ ተቆራርጦ ይገባና በቱቦው መታጠፊያ ላይ ጎጆ ይሠራል፤ ያን ጊዜ በረዥም ሽቦ መጎርጎር ነው። ስፖንጃቸው ታጥቦ ከልብስ ጋር ገመድ ላይ ይሰጣል። የሞተራቸው ካርቦን ሲያልቅ ጠጋኙ የሌላ ማሽን ካርቦን በሞረድ አስተካክሎ ይገጥምላቸው ነበር።

በቤታችን የምትሠራው እኅታችን የግራጫውን ሆድ እንደ መጽሐፍ ታነብበው ነበር። «ይኸ ጤፍ የሰኞ ነው፣ እንጀራ የተጋገረ ዕለት የገባ። ይኸ ፈንድሻ የእንግዶቹ ነው። ይኸ ፀጉር የማን እንደሆነ አልናገርም።» አንድ ቀን የእናቴ ሎቲ ጠፍቶ ቤቱ ሲታመስ እርሷ ማሽኑን አስነሥታ ዕቃውን ትመለከት ጀመር፤ ሎቲው ከአቧራው ጋር ሲዞር አየችውና ገመዱን ነቀለች። ከረጢት ቢሆን ኖሮ ሎቲው ከቆሻሻው ጋር ይቀበር ነበር።

ሲገለበጥ ደግሞ ሌላ ትምህርት ነበረው። አሮጌዎቹ ዕቃቸው የሚከፈተው በእጅ ነው፤ አቧራው ቡን ይላል። ስለዚህ ግቢ ወጥታ መጀመሪያ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ታያለች። ጀርባዋን ለነፋሱ ትሰጣለች፤ አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች። በአውድማ ላይ መንሽ የያዘ ገበሬም ምርቱን ከማንሣቱ በፊት የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ማሽኑ ከእንግሊዝ ይምጣ ከየትም፣ በመጨረሻው ደቂቃ አንድ ሰው ነፋስ የሚያነብበት ሥራ ይቀራል።

ያ ሰው ማን ነው? ሰው አሳላፊውን ዕቃ የወደደው፣ ይመስለኛል፣ የማይታይ የነበረውን ድካም ስላሳየው ነው። የተጠረገ ቤት ጠራጊውን ይደብቃል። ንጹሕ ወለል ያየ ሰው ንጹሕነቱን እንጂ የወጣለትን አያይም። ከረጢት ደግሞ ይህን መደበቅ ያበረታል፤ ታሽጎ ይጣላል፣ አለቀ። አሳላፊው ዕቃ ግን «ይኸው፣ ከእግራችሁ ሥር ይህን ያህል ነበረ፤ ይህን የሚተነፍሰው ደግሞ ጠራጊው ነው» ይላል። የስፓንግለር ሳል የታየው በዚያ ዕቃ ውስጥ ነው። የአክስቴም ሌሊት እንዲሁ።

ከነፋስ መውጫ ስንነሣ በዚያው በጋይንት ምድር ይህን ነገር ቀድሞ የተረዳ ቦታ አለ፤ ቤተ ልሔም ይባላል። የቅዱስ ያሬድን ድጓ የተማረ ሰው ምሁርነቱን የሚያስመሰክርበት ጉባኤ ነው። ከዜማው ስልቶች፣ ከቤተ ልሔም፣ ከቆማና ከአጫብር፣ በሰፊው የተዘረጋው በዚህ ቦታ ስም የሚጠራው ነው። ቤተ ክርስቲያኑም የታወቀ ነው። በክብ የሣር ክዳን ሥር ተከልሎ የኖረው ከጥርብ ድንጋይ የተሠራ ጥንታዊ ሕንፃ የውጭ ተመራማሪዎችን ዐይን የሳበው በ20ኛው ምዕት ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ነው። ከውጭ የሚያይ መንገደኛ የሣር ቤት ያያል፤ ውስጡን የሚያውቁት የሚያገለግሉት ነበሩ።

ከሚያገለግሉት መካከል ጠራጊዎቹ አሉ። ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተብሎ ይከፈላል። ሰው ጫማውን አውልቆ ይገባል፤ ስለዚህ ወለሉ ለባዶ እግር ንጹሕ መሆን ይገባዋል። ወደ መቅደስ ግን ካህንና ዲያቆን እንጂ ሌላ አይገባም። እንግዲህ መቅደሱን ማን ይጠርገዋል? መልሱ ግልጽ ነው፤ ክህነት ያለው ብቻ። ሀብታም ቢሆን፣ ጌታ ቢሆን፣ ሥልጣነ ክህነት ከሌለው በዚያ ወለል ላይ መጥረጊያ ሊይዝ አይችልም። በየቤታችን ከሥራዎች ሁሉ ታናሽ ተብሎ ለታናሹ ሰው የሚሰጠው ሥራ በዚያ ማዕርግ ይጠይቃል። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቦ፣ ቁራሽ ለምኖ የሚማረው ተማሪ ለመምህሩ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ይጠርጋል፤ ነገ መምህር ሲሆን ትናንት የጠረገ መሆኑ አያሳፍረውም።

እነሆ ሁለት አገር፣ ሁለት ታሪክ። በአንዱ ጠራጊው ማሽን ፈጥሮ ስሙን ለነጋዴ አስረከበ። በሌላው ማሽን አልተፈጠረም፤ ነገር ግን ቢያንስ በአንድ ቦታ፣ በመጋረጃ ውስጥ፣ መጥረጊያ መያዝ ክብር ሆኖ ቆየ። ከመጋረጃው ውጭ ግን እኛም ከፈረንጆቹ አልተሻልንም። የወንፊቱንና የሰፌዱን ጥበብ የያዙት ሴቶች ስማቸው በየትኛውም መዝገብ የለም። ዛሬ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ማለዳ መጥረጊያ ይዘው የሚሰለፉት እናቶች፣ በዋሽንግተን ሌሊት ቢሮ የሚያጸዱት እኅቶች፣ በዐረብ አገር ምንጣፍ የሚገፉት ልጆች ሁሉ የዚያው ስም የለሽ ታሪክ ወራሾች ናቸው።

አሮጌዎቹ ማሽኖች አርጅተው ይጣላሉ። አሳላፊው ዕቃ ከብዙ ጊዜ በኋላ በአሸዋና በጠጠር ተጭሮ ይደበዝዛል፤ ያሳይ የነበረውን ማሳየት ይሳነዋል። ያን ጊዜ የማየቱ ሥራ ወደ እኛ ይመለሳል።

በአገራችን መንገደኛ ገበሬን ሲያርስ ወይም ሲያበራይ ካገኘው ዝም ብሎ አያልፍም፤ «እግዜር ያበርታ» ይላል። ድንጋይ ለሚፈልጥ፣ እንጨት ለሚሸከምም ይባላል። የምትጠርግ ሴት ባለችበት ደጃፍ ስናልፍ ግን ብዙዎቻችን አቧራው እንዳይነካን ፈጠን እንላለን። ቆም ብሎ «እግዜር ያበርታሽ» ማለት ምንም አያስከፍልም። ልማዱ የቆየ ነው፤ የጎደለው ለእርሷ መባሉ ብቻ ነው።